የእበት ጋዝ በማከማቻው ውስጥ የሚኖረውን ግፊት ስለሚገዛ መሣሪያ

ለቡለን ወረዳና ለአጎራባቾቹ ሹማምንት የተዘጋጀ ትምህርት

ወተት የምትንጥ የአገራችን ሴት መናጫዋን ሞልታ አፉን በሚገባ ከከደነች በኋላ ሥራዋን ያለ ማቋረጥ አትቀጥልም። ጥቂት ከናጠች በኋላ ታቆምና በመናጫው አንገት አጠገብ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውታፉን ትነቅላለች፤ በዚያን ጊዜ በውስጥ የተጠራቀመው አየር «እስ» ብሎ ይወጣል፤ ቀዳዳዋንም መልሳ ትወትፍና መናጧን ትቀጥላለች። ይህን ባታደርግ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ወተቱ ይፈስሳል። ይህን ጥበብ ማንም መሐንዲስ አላስተማራትም፤ ከእናቷ የተማረችው ነው። ነገር ግን በታላላቅ ፋብሪካዎች ያሉት የጋዝ ግፊት መቆጣጠሪያዎች ሁሉ ሐሳባቸው ከዚህች ቀዳዳ የራቀ አይደለም፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ አየር ሲበዛ መውጫ መስጠት፣ ሲያንስ ደግሞ መዝጋት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንናገረው ከከብት እበት ስለሚገኘውና ባዮጋዝ ተብሎ ስለሚጠራው ጋዝ፣ ይልቁንም በማከማቻው ውስጥ የሚኖረው ግፊት በምን እንደሚገዛ ነው። ይህን ማወቅ ለሹም ምን ይጠቅመዋል የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። ጕድጓዱን የሚቈፍረው ባላገሩ ነው፤ የሚገነባው ግንበኛው ነው፤ ሥራው ሲፈጸም ግን መልካም ነው ብሎ የሚቀበለውና በመዝገብ የሚጽፈው ሹሙ ነው። የማያውቀውን ሥራ የሚቀበል ሹም የተበላሸውንም የተስተካከለውንም እኩል አድርጎ ይቈጥራል፤ ጉዳቱም በባላገሩ ላይ ይወድቃል።

ነገሩ ለቡለን ስላለው ጥቅም

ቡለን በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ከዓባይ በስተ ሰሜን የሚገኝ ወረዳ ነው። የሽናሻ፣ የጉሙዝ፣ የአማራ፣ የኦሮሞና የአገው ሕዝብ አብሮ ይኖርበታል። አብዛኛው ምድሩ ቆላ ነው፤ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ኑግና አኩሪ አተር ይበቅልበታል። በዚሁ ዞን በጉባ ወረዳ ታላቁ የኅዳሴ ግድብ በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ጳጕሜን ተመርቋል። ይሁን እንጂ ትልቅ የመብራት ምንጭ በአጠገብ መኖሩ ብቻ የገጠሩን ምድጃ አይለውጠውም፤ የባላገሩ ድስት የሚበስለው እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው በእንጨት ነው። እንጨቱንም ከዱር ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው የሚያመጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ዱሩ በራቀ ቍጥር መንገዱ ይረዝማል፤ ጢሱም በጎጆ ውስጥ ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል።

ከዚህ በላይ ሌላ ነገር አለ። በ2012ና በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን በደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል፤ ብዙ ቤተ ሰብም ቤቱንና ከብቱን ጥሎ ተሰዷል። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት አገር አንዲት ሴት እንጨት ፍለጋ ብቻዋን ወደ ሩቅ ዱር አለመሄዷ የድካም መቀነስ ብቻ አይደለም፤ የደኅንነትም ጉዳይ ነው። እሳቱ ከበረቷ አጠገብ ቢገኝላት ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

የእበት ጋዝ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተሠራ። ከዚያ ወዲህ እዚህም እዚያም ጥቂት ጥቂት ሲሠራ ቆይቶ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ አገር አቀፍ የባዮጋዝ ፕሮግራም ተቋቋመ። በመጀመሪያው ምዕራፍ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች 14,000 ማብላያ ለመሥራት ታቅዶ ከ8,000 በላይ ተሠራ። ከእነዚህም ውስጥ ዛሬም እሳት የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ሥራ የፈቱም አሉ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በዚያ በመጀመሪያው ምዕራፍ አልነበረበትምና ሌሎች በድካምና በገንዘብ የተማሩትን በጽሑፍ መማር ይችላል።

ስለ ጋዙ ጠባይ

እበት ከውኃ ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ አየር በማይገባበት ጕድጓድ ውስጥ ሲቀመጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕያዋን ያብላሉታል። በዚያን ጊዜ ጋዝ ይወጣል። ከዚህ ጋዝ ከግማሽ የሚበልጠው ሚቴን የሚባለው የሚነድ ጋዝ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ጥቂትም እንደ ገማ ዕንቍላል የሚሸት ሰልፈር ያለበት መርዛም ጋዝ ይገኝበታል። ሙቀት ሥራውን ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ የቡለን ቆላ ከብርዳም ደጋ ይልቅ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው።

ከ1 ኪሎ እርጥብ እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይገኛል። አንድ የአገራችን ከብት በቀንና በሌሊት 10 ኪሎ ያህል እበት ይጥላል፤ ቀን በመስክ ውሎ ሌሊት ብቻ በበረት የሚያድር ከሆነ ግን የሚሰበሰበው ግማሹ ነው። እንግዲህ 4 ከብት በበረት የሚያሳድር ሰው በየማለዳው 20 ኪሎ ያገኛል፤ ይህም 800 ሊትር ጋዝ ነው። አንድ ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ያህል ይጨርሳልና ባለቤቱ በቀን የ2 ሰዓት እሳት አለው ማለት ነው። ወጥ ለመሥራት፣ ገንፎ ለማገንፋት፣ ቡና ለማፍላት ይበቃል። ለእንጀራ ምጣድ ግን የተለመደው የጋዝ ምድጃ ኃይሉ አይበቃም፤ ይህን ለባላገሩ አስቀድሞ በግልጥ መንገር ይገባል፤ እንጨት ፈጽሞ ይቀራል ብሎ ተስፋ የተሰጠው ሰው በኋላ እንደ ተታለለ ይቈጥረዋልና።

ጋዝ እንደ ውኃ በዕቃው ሥር አይተኛም፤ በዕቃው ውስጥ ወዳለው ስፍራ ሁሉ ይገፋል። እበቱ ሌሊትና ቀን ጋዝ ይሰጣል፤ ባለቤቲቱ ግን የምታነደው በጥዋትና በማታ ብቻ ነው። ስለዚህ በቀረው ሰዓት የሚወጣው ጋዝ መከማቸት አለበት፤ ሲከማችም ግፊቱ ይጨምራል። ግፊቱ በጣም ቢያንስ እሳቱ ይጠፋል፤ በጣም ቢበዛ ደግሞ ግንቡን ይሰነጥቃል፣ ቧንቧውን ያፈስሳል። የዚህ ትምህርት ዋና ነገር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ማስተካከል ነው።

ግፊቱ እንዴት እንደሚለካ

ለዚህ ሥራ ግፊት የሚለካው በውኃ ከፍታ ነው። የአንዱ ሳንቲ ሜትር ውኃ ክብደት በአንድ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 1 ግራም ነው። ምድጃ በደኅና እንዲነድ 8 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር የውኃ ከፍታ ያህል ግፊት ይበቃዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሰውም በአፉ እፍ ብሎ ሊያደርሰው ይችላል። ነገር ግን በጕድጓዱ ውስጥ ግፊቱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ በጣሪያው በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል 800 ኪሎ፣ ማለት ስምንት ኩንታል ይሆናል። ስምንት ኩንታል በቆሎ ከውስጥ ወደ ላይ ሲገፋ ማሰብ ነው። በጣሪያው ላይ አፈር ተደልድሎ የሚከመረው ስለዚህ ነው፤ አፈሩ ለጌጥ አይደለም፤ ከላይ ተጭኖ የውስጡን ግፊት የሚመክት ነው። ይህን ሳያውቅ አፈሩን ጠርጎ ግቢውን ያሳመረ ሰው የቤቱን ምሰሶ እንደ ነቀለ ይቈጠራል።

መለኪያውም ቀላል ነው። በፊደል ዩ አምሳል የታጠፈ ግልጥ የላስቲክ ቱቦ በሰሌዳ ላይ ይታሰርና እስከ መካከሉ ቀለም የገባበት ውኃ ይጨመርበታል። አንዱ አፉ ከጋዙ ቧንቧ ጋር ይገናኛል፤ ሌላው አፉ ክፍት ይሆናል። ጋዙ በአንድ ወገን ውኃውን ወደ ታች ሲገፋ በሌላው ወገን ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ግፊቱ ማለት ውኃው በአንድ ወገን ከፍ ያለበት ልክ አይደለም፤ በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ልዩነት ነው። በአንዱ 20 ወርዶ በሌላው 20 ቢወጣ ግፊቱ 40 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህን ሳያስተውል የጻፈ ሰው በመዝገቡ ላይ ግማሹን ብቻ ጻፈ ማለት ነው። በዘመናችን በቱቦው ፈንታ እንደ ሰዓት ያለ ክብ መለኪያም ይገጠማል፤ ሥራው ያው ነው።

ግፊትን የሚገዙ ሦስት ዓይነት መሣሪያዎች

1ኛ፤ በክብደት የሚገዛ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1812 በለንደን ከተማ ከድንጋይ ከሰል በሚወጣ ጋዝ መንገድ የሚያበራ ኩባንያ ተቋቁሞ ነበር። የኩባንያው መሐንዲስ ሳሙኤል ክሌግ ጋዙን በውኃ ላይ በተደፋ ትልቅ የብረት ደወል ሥር ያከማች ነበር። ጋዝ ሲገባ ደወሉ ይነሣል፤ ሲወጣ ይወርዳል፤ የደወሉ ክብደት ግን አይለወጥምና ግፊቱ ዘወትር አንድ ነው። ክሌግ ይህንኑ ሐሳብ አሳንሶ የቧንቧውን አፍ በራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ መሣሪያም አወጣ፤ እንግሊዞችም እስከ ዛሬ ይህን መሣሪያ በቋንቋቸው «ገዥ» ብለው ይጠሩታል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1950 ጀምሮ ባሉት ዓመታት በሕንድ አገር ጃሽባይ ፓቴል የሚባል ሊቅ ለእበት ጋዝ የሚሆን እንዲህ ያለ ተንሳፋፊ ከበሮ ያለው ማብላያ አዘጋጀ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የአፉ ስፋት 1 ካሬ ሜትር የሆነ ከበሮ 100 ኪሎ ቢመዝን ግፊቱ 10 ሳንቲ ሜትር ውኃ ነው፤ ጋዙ ቢበዛም ቢያንስም ይህ አይለወጥም። ጋዙ ከልክ ሲያልፍ ከበሮው ይነሣና ትርፉ በጠርዙ ሥር አረፋ እያወጣ ይሄዳል። ጉድለቱ ብረቱ ውድ መሆኑና መዛጉ ነው፤ በየጊዜው ቀለም ካልተቀባ ይበሳል።

2ኛ፤ በሞላና በስስ ጎማ የሚገዛ። ይህ በከተማ ቤቶች በቡታ ጋዝ ሲሊንደር ራስ ላይ የሚታየው ሬጉላተር የሚባለው ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ቡታን በሞቃት ቀን ግፊቱ ከ10 ሜትር የውኃ ከፍታ ይበልጣል፤ ምድጃው የሚፈልገው ግን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በሬጉላተሩ ውስጥ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ ጎማ አለ። ከጎማው በላይ ሞላ ተቀምጦ ወደ ታች ይጫነዋል፤ ከጎማው በታች ጋዙ የሚገባባት ጠባብ ቀዳዳና ቀዳዳዋን የምትደፍን ትንሽ ምላስ አለች። ሞላው ጎማውን ወደ ታች ሲጫን ምላሷ ትከፈታለች፤ ጋዝ ይገባል። የገባው ጋዝ ጎማውን ወደ ላይ ሲገፋ ምላሷ ትዘጋለች። ሴትዮዋ እሳቱን ከፍ ስታደርግ ጋዙ ይቀንሳል፤ ጎማው ዝቅ ይላል፤ ምላሷም እንደገና ትከፈታለች። እንዲህ እየሆነ ያለ ሰው እጅ ልኩን ይጠብቃል። በክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ጎማው ከፍና ዝቅ እንዲል አየር የሚተነፍስባት ናት፤ በቀለም ወይም በጭቃ መደፈን የለባትም።

ይህ መሣሪያ ለእበት ጋዝ ለምን አይሆንም ቢባል፣ የእበት ጋዝ ግፊቱ አስቀድሞም ትንሽ ነው፤ ውኃማና ሰልፈር ያለበት ስለ ሆነም የሬጉላተሩን ሞላና ብረት ይበላዋል። ስለዚህ የቡታ ጋዝ ሬጉላተር ገዝቶ በእበት ጋዝ ቧንቧ ላይ የሚገጥም ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ እሳቱንም ያዳክማል።

3ኛ፤ በእበቱ በራሱ የሚገዛ። ይህ በአገራችን የተመረጠው ነው። ኔፓል የሚባለው አገር እንደ እኛ የራሱ የዘመን አቆጣጠር አለው፤ በእነርሱ በ2047፣ በፈረንጅ በ1990 የወጣው የማብላያ ንድፍ በአገራችን ሁኔታ ተሻሽሎ «ስንዱ» ተባለ። ስሙ የተዘጋጀ፣ የተሟላ ማለት እንደ ሆነ ሁሉም ያውቃል። በድንጋይና በሲሚንቶ ከምድር በታች ይገነባል፤ ጣሪያው እንደ ተደፋ ቅል ክብ ነው፤ የሚነቃነቅ ብረት የለበትም።

«ስንዱ» ግፊቱን የሚገዛበት መንገድ

እበቱ በመግቢያው በኩል ወደ ዋናው ጕድጓድ ይገባል። ከዋናው ጕድጓድ ጎን ሁለተኛ ጕድጓድ አለ፤ ሁለቱ ከታች በበር ይገናኛሉ። ጋዙ በጣሪያው ሥር ሲከማች እበቱን ወደ ታች ይገፋዋል፤ እበቱም በበሩ በኩል ወደ ሁለተኛው ጕድጓድ ይወጣል። በሁለቱ ጕድጓዶች መካከል ያለው የእበት ከፍታ ልዩነት ግፊቱ ነው። ይህ ከላይ እንደ ተናገርነው የታጠፈ ቱቦ ነው፤ ልዩነቱ ቱቦው ግንብ፣ ውኃውም እበት መሆኑ ብቻ ነው። ምድጃው ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፤ እበቱም ወደ ስፍራው ይመለስና ጋዙን ከኋላ ይገፋዋል።

በሁለተኛው ጕድጓድ ራስ ላይ የእበቱ መፍሰሻ አፍ አለ። የመሣሪያው ዋና ገዥ ይህ አፍ ነው። እበቱ ከዚህ አፍ በላይ ከፍ ሊል አይችልም፤ ፈስሶ ወደ ብስባሽ ጕድጓድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ግፊቱም ከተወሰነለት በላይ አይሄድም። ጋዙ አሁንም ቢጨምር በዋናው ጕድጓድ ያለው እበት እስከ በሩ ድረስ ይወርድና ትርፉ ጋዝ በበሩ በኩል አረፋ እያወጣ ይሄዳል። የመናጫዋ ቀዳዳ ይህች ናት። የግድብን ነገር የሚያውቅ ሰው ደግሞ ትርፍ ውኃ የሚፈስበትን ማስተንፈሻ ያስታውሳል።

እንግዲህ ግንበኛው ይህን አፍ በንድፉ ከተሰጠው ልክ በላይ ከፍ አድርጎ ቢሠራው፣ ወይም ባለቤቱ እበቱ እንዳይፈስ በድንጋይ ቢደፍነው፣ ወይም ሲደርቅ ጠንክሮ ቢዘጋው መሣሪያው ገዥ አጣ ማለት ነው። ግፊቱ ይጨምራል፤ ጣሪያው ይሰነጠቃል፤ ወይም እበቱ ወደ ጋዝ ቧንቧ ይገባል። አንድ ጊዜ የተሰነጠቀ ጣሪያ ጋዝ አይዝም፤ ባለቤቱም ገንዘቡንና ድካሙን ያጣል።

ብዙ ጊዜ የሚደርሱ ጉድለቶች

የማብላያ ሥራ መፍታት ሁልጊዜ ከትልቅ ጉዳት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ በአምስት ደቂቃ የሚታረም ነገር ነው።

መለኪያው ከፍ ያለ ግፊት እያሳየ እሳቱ የሚወዛወዝ ወይም የሚጠፋ ከሆነ በቧንቧው ውስጥ ውኃ ተጠራቅሟል። ጋዙ ከጕድጓዱ ሞቆና ረጥቦ ይወጣል፤ በቧንቧው ውስጥ ሲቀዘቅዝ እንደ ድስት ክዳን ላብ ያወጣል። ስለዚህ ቧንቧው ወደ አንድ ዝቅ ያለ ስፍራ እንዲያዘነብል ተደርጎ በዚያ የውኃ ማውጫ ይገጠምለታል፤ ባለቤቱ በየሳምንቱ ከፍቶ ያፈስሰዋል።

ማታ የነበረው ግፊት ያለ ማንደድ በማለዳ ወርዶ ከተገኘ ጋዝ ይፈስሳል። መፍሰሻውን ለማግኘት በመገጣጠሚያዎች ላይ የሳሙና አረፋ መቀባት ነው፤ አረፋ የሚነፋበት ስፍራ ቀዳዳው ነው። በክብሪት መፈለግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ግፊቱ ሁልጊዜ ዝቅተኛ ከሆነና መፍሰሻም ካልተገኘ የሚገባው እበት አንሷል፤ ወይም ውኃ በዝቶበታል። በመተከል ቆላ የገንዲ በሽታ ከብት ይጨርሳልና የከብቱ ቍጥር ሲቀንስ እሳቱም ይቀንሳል። ስለዚህ የማብላያ ሥራና የከብት ሐኪም ሥራ የተለያዩ አይደሉም።

እሳቱ ከምድጃው ተነሥቶ የሚጮህ ከሆነ ግፊቱ በዝቷል፤ የምድጃውን መክፈቻ ጥቂት መዝጋት ነው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ድስቱን የሚያጠቍር ከሆነ ደግሞ የምድጃው አየር ማስገቢያ ይከፈት። መልካም እሳት ሰማያዊ ነው።

ስለ አደጋው

ይህ ጋዝ በጎ አገልጋይ ነው፤ ሲናቅ ግን ይገድላል። ሦስት ነገር ለሁሉ ይነገር።

በመጀመሪያ፣ አዲስ ማብላያ ሲጀምር የሚወጣው ጋዝ ከአየር የተቀላቀለ ነው። ይህ ድብልቅ እንደ ባሩድ ሊፈነዳ ይችላልና ሳይነድ ወደ ውጭ ይለቀቅ፤ እሳትም በቧንቧው አፍ ላይ አይሞከር፤ የሚሞከረው በምድጃው ነው።

በሁለተኛ፣ በቤት ውስጥ የጋዝ ሽታ ሲሸት እሳትና ፋኖስ አይለኰስ፤ በሩና መስኮቱ ተከፍቶ በጣሪያው ላይ ያለው ዋና መክፈቻ ይዘጋ። ማታ ከምግብ በኋላ ይህን ዋና መክፈቻ መዝጋት እንደ በር መዝጋት ልማድ ይሁን።

በሦስተኛ፣ ማንም ሰው ሥራ ላይ ወደ ነበረ ጕድጓድ አይግባ። በውስጡ ለመተንፈስ የሚሆን አየር የለም፤ መርዛም ጋዝ አለ፤ የገባው ሰው ሳይጮህ ይወድቃል፤ ሊያወጣው የሚወርደውም ከእርሱ ጋር ይሞታል። ዕቃ ቢወድቅ ዕቃው ይቅር። የጕድጓዶቹ ክዳን ከባድ ይሁን፤ ልጅ ሊያነሣው አይቻለው።

ሹማምንት ሊያደርጉት የሚገባ

1ኛ፤ ከመገንባቱ በፊት ከብቱ በበረት ሲያድር በዓይን ይታይ፤ ከ4 ያላነሰ ይሁን። ውኃም በቅርብ መኖሩ ይረጋገጥ፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ እበት አንድ ሊትር ያህል ውኃ ያስፈልጋልና። ከስደት ተመልሶ ከብት ላላገኘ ቤተ ሰብ ቍጥር ለመሙላት ሲባል ማብላያ አይሠራለት፤ ለእርሱ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከብቱ ነው። እንጨት የሚቈጥብ ምድጃ ቢሰጠው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

2ኛ፤ ሲገነባ የመፍሰሻው አፍ ከፍታ በሜትር ተለክቶ ከንድፉ ጋር ይመሳከር። የጣሪያው ውስጥ ልስን በሚገባ መደራረቡ፣ አፈሩም መከመሩ ይታይ።

3ኛ፤ ሲፈጸም ሹሙ ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ጋዙ በምድጃ ላይ ሲነድ ይመልከት፤ መለኪያውንም ማታና ጧት አንብቦ ይጻፍ። ሁለቱ ቍጥሮች በአንድ ሌሊት የሚነግሩት ነገር ከብዙ ቃል ይበልጣል።

4ኛ፤ ትምህርቱ ለባል ብቻ አይሰጥ። መክፈቻውን በየዕለቱ የምትከፍተውና የምትዘጋው፣ እሳቱ ሲደክም አስቀድማ የምታየው ባለቤቲቱ ናት። በሽናሻ ወይም በጉሙዝ ቋንቋ የምታስተውል እንደ ሆነ በቋንቋዋ ይነገራት። በመናጫ የጀመረ ትምህርት ፈጥኖ ይገባታል።

5ኛ፤ ለመገጣጠሚያ የሚሆን ላስቲክ፣ ቱቦና መክፈቻ በወረዳው ከተማ እንዲገኝ ይደረግ። ርካሽ የሆነች አንዲት ላስቲክ ስለ ጠፋች ብቻ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ግንብ ሥራ ሊፈታ አይገባም።

6ኛ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይጐብኝ። የሚነዱትና የማይነዱት በእውነት ተለይተው ይጻፉ። በአንድ ቀበሌ መጀመሪያ የተሠሩት ሦስቱ ቢበላሹ አራተኛ የሚሠራ ጎረቤት አይገኝም፤ ሦስቱ ቢነዱ ግን ሰባኪ አያስፈልግም።

ከማብላያው የሚወጣው ዝቃጭ ደግሞ ለእርሻ መልካም ማዳበሪያ ነው። ኵበት ተደርጎ ቢነድ ጭስና አመድ ብቻ ይሆን የነበረው እበት አስቀድሞ እሳቱን ከሰጠ በኋላ ለበቆሎው ማሳ ይተርፋል።

እንግሊዞች ይህን ትንሽ መሣሪያ «ገዥ» ማለታቸውን ከላይ ተናግረናል። ስሙ አልተሳሳተም። መሣሪያው ጋዙን ጨርሶ አይዘጋውም፤ እንዲሁ ልቅም አይተወውም፤ የሚያስፈልገውን ያህል ይሰጣል፣ ትርፉን በማይጎዳ መንገድ ያስተነፍሳል፣ ማንም ሳያየውም ሌሊት ሥራውን ይሠራል። ይህን ትምህርት ያነበበ ሹም ነገ ማለዳ በወረዳው ካሉት ማብላያዎች ወደ አንዱ ሄዶ የመፍሰሻውን አፍ ቢመለከትና ክፍት መሆኑን ቢያረጋግጥ የጽሑፉ ዓላማ ተፈጸመ ማለት ነው።